ክረምት ሳይገባ ምኑን ላስቀድም? ግድግዳችን እርጥበት ይዟል፣ ጣሪያውም ያፈሳል

የጎፋ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቤታችን ጎፋ ነው። ወላጆቼ የሠሩት ባለ ብሎኬት ቤት ሲሆን ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ቺፑድ ነው። እኔና ባለቤቴ ከእናቴ ጋር እንኖርበታለን።

ችግሩ እንዲህ ነው። የእናቴ መኝታ ቤት ግድግዳ ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ቀለሙ እያበጠ ይረግፋል። ሲነካ ነጭ ዱቄት እጅ ላይ ይቀራል። እዚያው ክፍል ኮርኒሱ ላይ ደግሞ ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል ክብ ምልክት አለ። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ይቀባል፤ ክረምቱ ሲመጣ ያው ነው። እናቴ አስም ስላለባት ሻጋታው በጣም ያሳስበኛል።

ሦስት ባለሙያ አሳየሁ። አንዱ ልስኑ ፈርሶ እንደ አዲስ ይለሰን አለ። ሁለተኛው እስከ ወገብ ሴራሚክ ይለጠፍ ይላል። ሦስተኛው ቆርቆሮው በሙሉ ይቀየር ባይ ነው። ያለን ገንዘብ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ነው የሚችለው። ሰኔ ደግሞ ደርሷል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጡረተኛው መሐንዲስ፦

ልጄ፣ ለሦስቱም ገንዘብ አታውጣ። መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚገባ ይታወቅ።

እንደነገርከን ከሆነ ሁለት የተለያየ ውሃ ነው ያለው። ኮርኒሱ ላይ ያለው ከጣሪያ የመጣ ነው። ከታች እስከ ጉልበት ያለው ግን ከመሬት የሚወጣ ወይም ከውጭ የሚገባ ነው። ነጩ ዱቄት ጨው ነው። ውሃ በብሎኬቱና በልስኑ ውስጥ ሲያልፍ ያገኘውን ጨው አሟሙቶ ይዞ ይመጣል። ግድግዳው ፊት ላይ ሲደርስ ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል። ቀለሙን ከኋላ ገፍቶ የሚያረግፈው እሱ ነው። ስለዚህ ቀለሙ የፈለገ ውድ ቢሆን እዚያ ላይ አይቆይም።

አሁን ውጣና የዚያን ግድግዳ የውጭ በኩል እይ። የግቢው አፈር ከቤቱ ወለል ከፍ ይላል ወይስ ዝቅ? ከአሸንዳው የሚወርደው ቱቦ ውሃውን የት ነው የሚጥለው? መሬቱ የሚያዘቀዝቀውስ ወደ ቤቱ ነው ወይስ ከቤቱ ወደ ውጭ?

አዲስ አበባ ውስጥ በብዙ ግቢ ያየሁት ይህን ነው። ቤቱ ሲሠራ ወለሉ ከግቢው ከፍ ብሎ ነበር። ከዚያ ለአትክልት አፈር ይጨመራል። ግቢው ኮብልስቶን ይነጠፋል። የሰፈሩ መንገድ ሲሠራ ከፍ ይላል። ዓመት ዓመትን ሲተካ ግቢው ወለሉን ይበልጠዋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ያ ሁሉ ዝናብ መሄጃ ሲያጣ ብሎኬቱ ይጠጣዋል።

አንድ የማያስወጣ ሙከራ ልንገርህ። አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሚሆን ንጹሕ ላስቲክ ግድግዳው ላይ አራቱንም ጎን በፕላስተር አጥብቀህ ለጥፍ። ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ እየው። ጠሉ ከላስቲኩ ጀርባ፣ በግድግዳው በኩል ከሆነ እርጥበቱ ከግድግዳው ውስጥ ነው የሚመጣው። በፊት ለፊቱ ከሆነ ግን የክፍሉ አየር ነው። እንዲያ ከሆነ መስኮት መክፈትና እርጥብ ልብስ ክፍል ውስጥ አለማስጣት ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

ብርቱካን፦

እኔ የሴራሚኩን ሐሳብ እደግፋለሁ። ጎረቤታችን ሳሎኑን እስከ ወገብ አስለጥፎ ከመላጥ ተገላግሏል። ለማጽዳትም ይመቻል፣ ልጆችም አያቆሽሹትም።

ጡረተኛው መሐንዲስ፦

ብርቱካን እህቴ፣ ሴራሚክ ለኩሽናና ለመታጠቢያ ቤት ጥሩ ነው። እርጥብ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ግን ውሃውን አያስቆመውም። በፊት ከጉልበት በታች ይተን የነበረው መውጫ ሲዘጋበት ወደ ላይ ይወጣል። ጊዜ ይፈጅ እንደሆነ እንጂ ከሴራሚኩ በላይ ያለው ቀለም መርገፉ አይቀርም። የጎረቤታችሁን ግድግዳ ከሁለት ሦስት ክረምት በኋላ ከሴራሚኩ በላይ ያለውን እየነካችሁ እዩት።

አናጢው፦

የጣሪያውን ነገር እኔ ልናገር፤ የምበላበት ሥራ ነው።

ወንድሜ፣ ቆርቆሮ በሙሉ ይቀየር የሚልህ ሰው ኮርኒሱ ውስጥ ገብቶ አይቷል? ካላየ አትስማው። ፀሐይ ባለበት ሰዓት አንድ ሰው ይግባና መብራት ሳያበራ ቀና ብሎ ይይ። ቀዳዳ ካለ ብርሃን ያስገባል። እዚያው አጠገብ ያለው ሞራሌ ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርግ። ልብ በሉ፣ ውሃው በገባበት ቦታ ላይወርድ ይችላል። ሞራሌውን ተከትሎ ሄዶ ሌላ ቦታ ይንጠባጠባል። የኮርኒሱ ምልክት እዚህ ሆኖ ቀዳዳው ሁለት ሜትር ርቆ ያገኘሁበት ቤት ብዙ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሚስማሩ ነው። ቆርቆሮ ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ሌሊት በብርድ ይሰበሰባል። እንዲህ ሲል ሲል ሚስማሩ ይላላል፣ ጎማውም ደርቆ ይሰነጠቃል። ሚስማር የሚመታው ጉብታው ላይ ነው። ጎድጓዳው ላይ ከተመታ ውሃው መሄጃ ላይ ቀዳዳ ከፈትክ ማለት ነው። የላላውን መልሶ መምታት ዋጋ የለውም፣ ቀዳዳው ሰፍቷል። ነቅላችሁ ወፈር ባለ ባለ ጎማ ብሎን ተኩት። ሬንጅ ላይ ላዩን መለቅለቅ ለአንድ ክረምት ቢያሳልፍ ነው። ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ውሃውን አቁሮ ቆርቆሮውን ያዝገዋል።

መቀየር ያለበት ቆርቆሮ ካለ ያንኑ ብቻ ቀይሩ። ጌጁን አይታችሁ ግዙ። ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፤ ባለ 35 ከባለ 28 በጣም ስስ ነው። በዓይን አይለይም፣ ሱቁ ላይ በካሊፐር ይለካላችሁ። ሲደራረብ የላይኛው የታችኛውን ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ይሸፍን። ጣሪያው ለጥ ያለ ከሆነ ከዚያም በላይ።

አሸንዳውን ደግሞ ግንቦት ላይ ጥረጉት። የጽድና የባሕር ዛፍ ቅጠል ከአቧራ ጋር ተጋግሮ ይደፍነዋል። ከጠረጋችሁ በኋላ በአንዱ ጫፍ አንድ ባልዲ ውሃ ድፉበትና እዩ። መሐል ላይ ከተኛ ዳገት አለው ማለት ነው። በአንድ ሜትር ግማሽ ሳንቲ ሜትር ዝቅታ ይበቃዋል።

እባካችሁ፣ እርጥብ ቆርቆሮ ላይ አትውጡ። ስትራመዱም የሚስማሩን መስመር ርገጡ፣ ከሥሩ እንጨት አለ። የመብራት ገመድ በጣሪያው አጠገብ ካለፈ መብራቱ ሳይጠፋ ማንም አይውጣ። በዚህ የሥራ ባልደረባ ቀብሬአለሁ።

የጉለሌ አራዳ፦

ነፍስ ይማር ወንድሜ።

እኔም ልጠይቅ። የእኛ ቤት የአያቶቼ ጭቃ ቤት ነው። ብዙ ሰው በወንፊት ሽቦ አስይዘህ ሲሚንቶ አስለስነው፣ ብሎኬት ይመስልልሃል ይለኛል። ጥሩ ነው?

ጡረተኛው መሐንዲስ፦

እኔ አልመክርም። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲሚንቶ ደግሞ ግትር ነው፣ አብሮት አይሄድም። ስለዚህ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውሃ መውጫ የለውም። ከውጭ ሲታይ ቤቱ አምሮበት ውስጥ ለውስጥ ማገሩ ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይገባበታል። ሲሚንቶው አንድ ቀን እንደ ቅርፊት ተገንጥሎ ሲወርድ ነው ጉዳቱ የሚታየው።

የአያቶችህ መንገድ ይሻልሃል። ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር አቡካና ከሳምንት ያላነሰ ይቆይ። በየጊዜው ይረገጥ። በደንብ የቦካ ጭቃ ስንጥቁ ትንሽ ነው። ላዩን ኖራ ቀባው። ኖራ እርጥበቱን አያፍነውም። ገንዘብ ካለህ ጣሪያው ከግድግዳው አለፍ እንዲል አስረዝመው፣ ሥሩን ደግሞ በድንጋይ አስገንባው። ለጭቃ ቤት ከዚህ የተሻለ ወጪ አላውቅም።

የጎፋ ልጅ፦

ጋሼ፣ እንዳሉኝ አካፋ ይዤ ወጣሁ። ከግድግዳው ሥር እናቴ ጽጌረዳ የተከለችበት መደብ አለ። አፈሩን ከግድግዳው ላይ ሳነሳ የድሮው ቢጫ ቀለም ከአፈሩ በታች ቁልቁል ይቀጥላል። አንድ ብሎኬት ሙሉ ተቀብሯል። ማለት፣ ቤቱ ሲቀባ አፈሩ እዚያ አልነበረም። ብሎኬቱ ጠቁሯል። ልስኑን በካቻቢቴ ጫፍ ነካ ሳደርገው እንደ እርጥብ አሸዋ ሆኖ ረገፈ። ከአሸንዳው የሚወርደው ቱቦ ደግሞ ታችኛው ክርኑ የለም። የጣሪያው ውሃ ግማሹ በቀጥታ ጽጌረዳው መደብ ላይ ነው የሚወድቀው።

የላስቲኩም ሙከራ ጠሉ ከጀርባ ሆኖ ተገኘ።

እናቴን አስፈቅጃለሁ። ጽጌረዳዎቹን ወደ አጥሩ እናዛውራቸዋለን። ክረምት ስለሆነ ይይዙልናል ብላለች። ቀጥሎ ምን ላድርግ?

ጡረተኛው መሐንዲስ፦

ጎሽ ልጄ፣ በሽታው ታወቀ። እናትህንም አመስግንልኝ።

አፈሩን ከወለሉ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እስኪል አንሳው። ከዚያ መሬቱ ከግድግዳው እየራቀ በአንድ ሜትር 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል አድርገህ ጠቅጥቀው። ቱቦውን ክርን ግጠምለትና ውሃውን እስከ ግቢው ቦይ ውሰደው። ይህ ሁሉ የጉልበት ሥራ ነው፣ ከሁለትና ሦስት የቧንቧ ዕቃ በላይ ወጪ የለውም። በግድግዳው ዙሪያ 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የኮንክሪት ንጣፍ ብታስፈስስ ጥሩ ነው። ገንዘቡ ካልደረሰ ግን ለከርሞ ይቆይ። ዋናው ተዳፋቱ ነው።

ውስጡን ደግሞ የረገፈውን ልስን እስከ ብሎኬቱ አራግፈው። ከሚታየው እርጥበት በላይም አንድ ሁለት ክንድ ጨምር። ጨውን በደረቅ ብሩሽ ጥረገው፣ በውሃ አትጠበው፤ ከታጠበ ተመልሶ ይገባል። የተጠረገውን አቧራ ከክፍሉ አውጣው። እናትህ ይህ ሲሠራ ሌላ ክፍል ይደሩ። ከዚያ ግድግዳውን ክፍት አድርገህ ተወው።

እዚህ ላይ ነው ሰው የማይታገሠው። ለእንቁጣጣሽ ቀለም ልቀባ አትበል። ክረምቱ ይውጣ፣ የጥቅምትና የኅዳር ፀሐይና ነፋስ ያድርቀው። ጥር ላይ ላስቲኩን ደግመህ ለጥፍ። ጠል ከሌለ ያኔ አስለስን። አንድ ሲሚንቶ ለአራት አሸዋ፣ አሸዋው የታጠበ ይሁን። ልስኑን ሰባት ቀን ውሃ አጠጡት። ብዙ ለሳኝ ይህን ቀን በማሳጠር ነው ሥራውን የሚያበላሸው። በደንብ ከደረቀ በኋላ ስቱኮና ቀለም።

የሰሚት እናት፦

እናንተ ግቢ ያላችሁ ታድላችኋል። እኛ ኮንዶሚኒየም ነን። መታጠቢያ ቤታችን ኮርኒስ ላይ ከላይኛው ጎረቤት ውሃ ይንጠባጠባል። እነሱ የእኛ አይደለም፣ የሕንፃው ቧንቧ ነው ይላሉ። መጣላት አልፈልግም፣ ደጋግ ሰዎች ናቸው።

አናጢው፦

እህቴ፣ ቡና ጥሪያቸውና አብራችሁ ሞክሩት። የእነሱን የወለል ማፍሰሻ በጨርቅና በላስቲክ ደፍናችሁ ወለሉ ላይ ሁለት ሳንቲ ሜትር የሚሆን ውሃ ያዙበት። በሩ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አግዱ፣ ወደ ሳሎን እንዳይሄድ። 24 ሰዓት ይቆይ። አንቺ ጋ መንጠባጠቡ ከባሰ ወለላቸው ነው፤ ከሴራሚኩ ሥር ውሃ መከላከያ አልተደረገለትም ወይም ተሰንጥቋል። ካልባሰ ደግሞ ሁሉንም ቧንቧ ዘግተው ቆጣሪያቸውን ይዩ። ማንም ሳይጠቀም ከዞረ የንጹሕ ውሃው መስመር ላይ ቀዳዳ አለ። ቆጣሪው ካልዞረና ሽንት ቤት ሲለቀቅ ብቻ የሚንጠባጠብ ከሆነ የፍሳሽ ቱቦው ነው።

ከአንቺ በኩል ኮርኒሱን ማሳደስ ግን ገንዘብ መጣል ነው። መፍትሔው ያለው ከላይ ነው።

ጡረተኛው መሐንዲስ፦

የማነው የሚለውን በተመለከተ፣ የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የግልና የጋራ የሆነውን ይለያል። የሁሉም መገልገያ የሆነው እንደ ጣሪያና ደረጃ ያለው የጋራ ነው፤ በማኅበሩ በኩል ይጠገናል። አንድ ቤት ውስጥ ያለ ወለል የዚያ ቤት ባለቤት ኃላፊነት ነው። ሙከራው ከታየ በኋላ ማኅበሩን ብታሳውቁ ነገሩ ያለ ጠብ ያልቃል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ይህን ውይይት ከሜሪላንድ ሆኜ እያነበብኩ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። እኔ የእናቴን ቤት ከዚህ ሆኜ ነው የማሳድሰው። እንደ እኔ ላላችሁ አንድ ነገር ልበል። ገንዘቡን ባንድ ጊዜ አትላኩ። ሥራውን በደረጃ ከፋፍሉት፣ እያንዳንዱ ደረጃ ሳይሸፈን ቪዲዮ ይላክላችሁ። ቧንቧው ሳይቀበር፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ ሳይለሰን፣ ጣሪያው ኮርኒስ ሳይለብስ። አንድ ሥራ ተቋራጭ "አልቋል" ብሎኝ የተለቀመ ፎቶ ላከልኝ፤ ክረምት ሲመጣ ነው እናቴ ባልዲ ደርድራ የነገረችኝ። ከተሸፈነ በኋላ የሚላክ ፎቶ ቀለም እንጂ ሥራ አያሳይም።

ለነገሩ እዚህም በእኛ ቤት ቤዝመንቱ ውሃ ሲያስገባ መጀመሪያ የተነገረን ያው ነው። የአሸንዳውን ቱቦ ከመሠረቱ አርቁት፣ አፈሩን አዘቅዝቁት።

የአያት ነዋሪ፦

እኛ ጋ መረሬ አፈር ነው። ግድግዳው በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ይገጥማል። በስቱኮ ብንደፍነው ተመልሶ ይከፈታል።

ጡረተኛው መሐንዲስ፦

መረሬ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸሻል። ቤቱ አብሮት ነው የሚንቀሳቀሰው። ስንጥቁን አቋርጣችሁ ቀጭን ጀሶ ለጥፉና ቀኑን ጻፉበት። ጀሶው ከተሰበረ ስንጥቁ ገና እየሄደ ነው። ጣት የሚያስገባ ከሆነ ወይም በርና መስኮት መዝጋት ካስቸገረ በመድፈን አትድከሙ፣ መሠረቱን የሚያይ ባለሙያ ጥሩ። እስከዚያው የጣሪያውን ውሃ ከመሠረቱ አርቁ፣ ትላልቅ ዛፍም ግድግዳው ሥር አትትከሉ።

ብርቱካን፦

ሌላ ጥያቄ። ምጣድ ስናበራ የሶኬቱ ክዳን ይሞቃል፣ ትንሽም ይሸታል። ይህስ ከክረምቱ ጋር ይያያዛል?

አናጢው፦

ብርቱካን፣ እሱ የእኔ ሥራ ባይሆንም ዛሬውኑ አቁሚው። ወንድሜ ኤሌክትሪሺያን ነው፣ አጠገቤ ስላለ ጠይቄልሻለሁ። የእንጀራ ምጣድ 3500 ዋት ቢሆን በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ያውም ለረጅም ሰዓት። ለተራ ሶኬት የተዘረጋ ቀጭን ገመድ ይህን አይችልም። ከማከፋፈያው ለብቻው ባለ 4 ካሬ ገመድ ይዘርጋለት፣ የራሱ ባለ 25 አምፔር ብሬከር ይኑረው፣ የመሬት መስመርም ይገጠምለት። በኤክስቴንሽን ምጣድ አይሠራም። ክረምት ላይ ግድግዳው እርጥብ ከሆነ ደግሞ አደጋው ይጨምራል። ያንን መስመር ለሰው ሳታሳዪ እንጀራ ከጎረቤት ይምጣ።

የጎፋ ልጅ፦

ጋሼ፣ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ቱቦውን ካልቀረ ወደ ሮቶ ብናስገባውስ? ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን።

ጡረተኛው መሐንዲስ፦

በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር ይሆናል። 50 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 1000 ሊትር ነው። የሚፈሰውና የሚባክነው ሲቀነስ 800 ያህል ይቀርሃል። ለልብስ፣ ለሽንት ቤት፣ ለጽጌረዳው ይበቃል። ለመጠጥ አታድርገው።

ሦስት ነገር ጠብቅ። አንደኛ፣ 1000 ሊትር ውሃ 10 ኩንታል ይመዝናል። ሞራሌ ላይ ወይም አሮጌ ግድግዳ ጫፍ ላይ አይቀመጥም። መሬት ላይ የኮንክሪት መደብ አስፈስስለት፣ ታችኛው ፊቱ በሙሉ ይረፍ። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ያጥባልና እሱ ውጭ ይፍሰስ፣ ከዚያ ቱቦውን ወደ ሮቶው አዙረው። የመግቢያውን አፍ በወንፊት ሸፍነው፤ ትንኝ እንዳይራባ። ሦስተኛ፣ ሲሞላ የሚወጣበት ቱቦ ያስፈልገዋል፣ ስፋቱም ከሚገባበት አይነስ። ሐምሌ ላይ አንድ ከሰዓት ዝናብ ይሞላዋል። ያ ቱቦ ጫፉ ቦዩ ውስጥ ይግባ እንጂ ግድግዳው ሥር አይተፋ።

የጎፋ ልጅ፦

ገባኝ ጋሼ። የቦዩን ርቀት ለካሁት፤ አራት ሜትር ቱቦና ሁለት ክርን ነው የሚያስፈልገኝ። ቅዳሜ መርካቶ እወርዳለሁ። አናጢው ወንድሜ፣ ለጣሪያው ስንት ብሎን ልግዛ?

አናጢው፦

ኮርኒሱ ውስጥ ገብታችሁ በጠመኔ ያደረጋችሁትን ምልክት ቁጠሩ፣ ሩቡን ጨምሩበት። ጎማውን በጣትህ ተጫነው፤ ለስላሳ ካልሆነ አትግዛ።